አውራጅ

አባቴ ሄይኖ ጫኝና አውራጅ ነበር፣
የጥጥ እስር በጀርባው ሲያሻግር
ሠላሳ አንድ ዓመት በቬዘር ወንዝ ዳር።
«ጥጥ ቀላል ነው ባይ፣ ጥጥ ተሸክሞ አያውቅም» ይል ነበር፣
«ዝናብ የጠጣ ለት ነይና ጠይቂኝ ስለ ምድር።»

እኔ ልጁ ቪብከ የሙያውን ግማሽ ወረስሁ፤
መጫኑን ትቼ ማውረዱን ያዝሁ።

ብሬመን ዳርቻ አንድ ነጭ ግንብ ቆሟል፣
ሆዱ ውስጥ ረጅም ቧንቧ ተተክሏል።
አየሩን በፓምፕ ሁለት ሰዓት እንመጥጣለን፣
ላባና ድንጋይ እኩል እንዲሆን።
ከዚያ ሰው የምታህል በርሜል ከጫፉ ሰቅለን
እንለቃታለን።

መቶ አሥር ሜትር።
አምስት ሰከንድ የማይሞላ ዕድሜ።

«ምድር ለቀቀቻት» ይላሉ ጎብኚዎች፤ አልለቀቀችም፣
መሳቧን ለአፍታ አትተውም።
በርሜሏም፣ ወለሏም፣ በውስጧ ያለውም
አብረው ሲወድቁ ማንም ማንንም አይጫንም።
ተጫኝ እንዲኖር አንዱ መቆም አለበት፤
ሁሉ በወደቀበት፣ ማን ይክበድ በማን ፊት?
እዚያ ላይ፣ ጣቢያቸው ውስጥ ተንሳፈው የሚበሉ
ከምድር አላመለጡም፣ ሲወድቁ ነው የሚውሉ፤
ምድር ክብ ናትና
መሬቱን ሁልጊዜ ይስታሉ።

አንድ ሐሙስ አባቴ መጣ፣ ወገቡ እንደ መንጠቆ ጎብጦ፣
የእንግዳ ባጁን ደረቱ ላይ ገልብጦ።
«እስቲ አሳዪኝ፣ ምንድን ነው የምትጥዪው?»
«ሻማ።»
«ሻማ ለመጣል ነው ስድስት ዓመት የተማርሽው?»

በስክሪኑ አሳየሁት።
ነበልባሏ እንደ ማንኛዋም ነበልባል ሹል ናት፣ ቢጫ፣
ወደ ላይ የምትሮጥ፣ የማታጣ አቅጣጫ።
ለቀቅሁ።
ላይና ታች ጠፋባት።
ሹሏ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቢጫዋ ደበዘዘ፣
ሰማያዊ ኳስ ሆነች፣ ብርሃኗ የፈዘዘ፣
የሞቀው አየር መውጣቱን፣ የቀዘቀዘው መውረዱን ትቶ፣
እሳት መንገዱን ረስቶ
በገዛ ራሱ ዙሪያ ተኝቶ።

ከዚያ ዱብ።
ስምንት ሜትር የሚጠልቅ የፎም ፍሬ እንደ ጎተራ ዋጣት።

አባቴ አገጩን አሻሸ።
«ክብደቱ ፈጽሞ ጠፋ? ዜሮ?»
«አይ፣ ዜሮ አይባልም፤ ከሚሊዮን አንድ እጅ ትቀራለች፣
ያልተመጠጠች ትንፋሽ፣ ሽቦ የነዘራት፣ አንዷ ምክንያት አትጠፋም።»
«እንዲያ ነው እንጂ» አለ፣ ዕቃ በደንብ እንደ ቆጠረ ሰው፤
«ጥጥም ጠባዩ ይኸው ነው፤
አራግፈሽ ጨርሰሽ፣ ታጥበሽ፣ ራት በልተሽ፣
አንዲት ብናኝ ታድራለች ከኮትሽ።»

በበረዶው ወራት ሞተ።
መቃብሩን በማሽን ቆፈሩት፣ መሬቱ ብረት ሆኖ።

ገመዱን ስድስት ሆነን ያዝን፤ አምስቱ የወደብ ሰዎች፣
ሁሉም ጎባጦች፣
ስድስተኛዋ እኔ፣ ጓንት የረሳሁ።
«ቀስ እያላችሁ» አለ ሽማግሌው ብሪንክማን፣
«ዕቃ አይደለም የምናወርደው፣ ሄይኖን።»

ሙያዬ መልቀቅ ነው። ሺህ ጊዜ ለቅቄአለሁ፣
እንዴት እንደሚለቀቅ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤
አንድ ቁልፍ ነው፣ አንድ ጣት፣ ቡና እየጠጡም ይሠራል።
ያን ቀን ግን ገመዱ መዳፌን እየላጠ፣
በስንዝር፣ በስንዝር፣
ለካ ማውረድም መሸከም ነበር።

«በቃ፣ ደርሷል» አሉኝ፣ «መሬት ይዞታል፣
ልቀቂ ልጄ፣ ገመዱ ላልቷል።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው፣ ላልቷል።
በረዶው ኮቴ ላይ በብናኝ በብናኝ ያርፋል።
ገመዱን በሁለት ጣት መዘንሁት፤
ዜሮ አይባልም።